መጀመሪያ ሁለተኛውን መሣሪያ ምረጡ፦ የሬንጀር አጨዋወት ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ቤት መዋል ግድ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። በዚህ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከቆጪ ድረስ እየመጣ ላፕቶፔ ላይ ተጥዶ ይውላል። ጊልድ ዋርስ 2 የሚባለውን የኢንተርኔት ጌም አስጀምሬው ነበር። ከተዋጊ ዓይነቶቹ ሬንጀር የሚባለውን ቀስተኛ መረጠ። ቀስት የያዘ ጀግና ማን ይጠላል?

በሦስተኛው ቀን ፊቱን አኮሳትሮ ጠበቀኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ሬንጀር የሚባለው ነገር ደካማ ነው። ከሩቅ እያለሁ አሪፍ ነኝ። ከደረሱብኝ ግን አለቀልኝ።»

«ሁለተኛው መሣሪያህ ምንድን ነው?»

«ሌላ ቀስት።»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ረጅም ቀስት ይዟል። እሱ አልሠራ ሲል የሚቀይረው ደግሞ አጭር ቀስት ነው። ከሚያፈስ ክፍል ወጥቶ ወደሚያፈስ ክፍል መግባት ማለት ነው። ይሄን መመሪያ መጀመሪያ የጻፍኩት ለእሱ ነበር። እሱን ያስቸገረው ብዙ ሰው እንደሚያስቸግር ስላየሁ አሰፋሁት።

እዚህ ጅማ አጠገብ ቦዬ ሄዶ ጉማሬ ያየ ሰው ርቀት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጉማሬው ውኃ ውስጥ እያለ ተዝናንታችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ። ከውኃው ከወጣ ግን ካሜራው ምንም አይፈይድም፤ የሚያድናችሁ ሌላ ነገር ነው። የሬንጀር ቀስትም እንደዚያ ካሜራ ነው። ርቀት እስካለ ድረስ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫን ከቀስቱ አትጀምሩ። ርቀቱ ሲጠፋ ከምትይዙት ጀምሩ።

ምሳሌዎቼ ከጊልድ ዋርስ 2 ናቸው። ጌሙ በ2012 የወጣ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ዋናውን ክፍል በነጻ መጫወት ይቻላል፤ የውጭ ክፍያ ካርድ ለሌለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፋይሉ ግን ከ50 ጊጋ በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ፈልጉ፣ ወይም ሌሊት ሌሊት አውርዱት። ዳታውን የሚበላው ማውረዱ ነው። መጫወቱ ያን ያህል አይፈጅም። አካውንት ስትከፍቱ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ምረጡ ሲላችሁ አውሮፓን በሉ፤ ለእኛ እሱ ይቀርባል።

ደረጃ 1፦ ሲደርሱባችሁ የምትይዙትን ምረጡ

በዚህ ጌም ሬንጀር በአንድ ጊዜ ሁለት የመሣሪያ ምርጫ ይዞ ይዞራል። ውጊያ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ከቀየራችሁ በኋላ እንደገና ለመቀየር 10 ሴኮንድ መጠበቅ አለባችሁ። ውጊያ ውስጥ 10 ሴኮንድ ረጅም ነው። የያዛችሁት መሣሪያ በእነዚያ 10 ሴኮንዶች በሕይወት ሊያቆያችሁ ካልቻለ ቀስታችሁን ደግማችሁ አታዩትም።

ለቅርብ ውጊያ የማቀርብላችሁ ሦስት አማራጭ ነው።

የመጀመሪያው ግሬትሶርድ፣ ባለ ሁለት እጁ ትልቅ ሰይፍ ነው። ለጀማሪ ሌላ አልመክርም። ብዙ ሰው ሰይፉ ትልቅ ስለሆነ ለመጨፍጨፊያ ይመስለዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን መከላከያው ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ በቁጥር የሚጠሩ ስኪሎች፣ ማለትም በቁልፍ የሚለቀቁ ልዩ ምቶች አሉት፤ የግሬትሶርድ አራተኛው ስኪል ካውንተርአታክ ይባላል። ሰይፋችሁን ከፊታችሁ አቁማችሁ ለጥቂት ሴኮንድ የሚመጣውን ምት ትመክታላችሁ፤ በቅርብ የመታችሁንም በእርግጫ ትመልሱታላችሁ። አምስተኛው ሂልት ባሽ የሰይፉን እጀታ ጭንቅላቱ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ጠላት ለአፍታ ይደነዝዛል። ሦስተኛው ስዉፕ ረጅም ዝላይ ነው። ወደ ጠላት ለመሄድ የተሠራ ነው፤ እኔ ግን ከጠላት ለመሸሽ ነው አብዝቼ የምጠቀምበት። እንዴት እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ አሳያችኋለሁ።

ሁለተኛው አማራጭ በአንድ እጅ ሰይፍ፣ በሌላው ጩቤ ነው። እየተሽሎከለኩ መምታት ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። በትክክለኛው ቅጽበት ከምቱ ሥር ማምለጥ ይጠይቃል። ጎበዝ እጅ ላይ ያምራል። እኔ ግን አልተዋጣልኝም፤ ምክንያቱን አሁኑኑ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛው መጥረቢያ በሁለት እጅ ነው። የግራ እጁ መጥረቢያ ዋርሊንግ ዲፌንስ የሚባል ስኪል አለው። እየተሽከረከራችሁ የሚወረወርባችሁን ነገር ወደ ወርዋሪው ትመልሳላችሁ። ጠላታችሁ ራሱ ቀስተኛ ከሆነ ሲያዩት ያስቃል። ሰውዬው በገዛ ቀስቱ ይወጋል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ከጅማ የምትጫወቱ ከሆነ ሰርቨሩ ከእናንተ ሩቅ ነው። ፒንጉ፣ ማለትም ትእዛዛችሁ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ፣ ከፍ ይላል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አንዳንዴ ገጸ ባሕሪያችሁ እንደ ሐውልት ቆሞ ይቀራል፤ ሲነቃ ሞቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው ለሽርፍራፊ ሴኮንድ ብቻ የሚያስመልጥ ስኪል ሳይሆን ቆየት የሚል መከላከያ ነው። ካውንተርአታክን ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትጫኑት ችግር የለውም፤ ምቱ ሲመጣ ገና ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። የጩቤው ማምለጫ ግን እናንተ ተጭናችሁ ሰርቨሩ እስኪሰማ ምቱ አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። የውጭ መመሪያዎች ይሄን አይነግሯችሁም፤ ጻፊዎቹ ሰርቨሩ ጓሯቸው ነው ያለው።

ደረጃ 2፦ አሁን ቀስቱን ምረጡ

ሎንግቦው ወይም ረጅሙ ቀስት የመጀመሪያ ስኪሉ ላይ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። ጠላት በራቀ ቁጥር ምቱ ይከብዳል። በጌሙ መለኪያ ርቀቱ 1000 ሲያልፍ ነው ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው። አጠገባችሁ የቆመን ጠላት በሎንግቦው መደብደብ በቢላ ጀርባ ሥጋ እንደመክተፍ ነው። ብዙ ጀማሪ ቆሞ ይተኩስና «ዳሜጁ (ጉዳቱ) ትንሽ ነው» ይላል። ዳሜጁ ትንሽ የሆነው ስለቀረበ ነው።

ሁለተኛው ስኪል ራፒድ ፋየር ተከታታይ ቀስት ያዘንባል፤ ዋናው የጉልበት ስኪል እሱ ነው። ሦስተኛው ሀንተርስ ሾት ጠላትን ከመታ ለጥቂት ሴኮንድ ያሰውራችኋል። አራተኛው ፖይንት ብላንክ ሾት ጠላትን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ በቀረበ መጠን አርቆ ነው የሚወረውረው። አምስተኛው ባራዥ መሬት ላይ በመረጣችሁት ቦታ ቀስት ያዘንብና የገባበትን ሁሉ እግሩን ያስራል፤ በዝግታ ነው የሚራመደው።

ሾርትቦው ሌላ እንስሳ ነው። ርቀቱ አጠር ይላል። ለእሱ ዋናው ነገር የት እንደቆማችሁ ነው። ከጎን ወይም ከጀርባ ስትተኩሱ ጠላት ይደማል። ከፊት ለፊት ቆሞ በሾርትቦው የሚተኩስ ሰው ካያችሁ መሣሪያውን አላነበበውም ማለት ነው። ታዲያ ጠላት ጀርባውን እንዲሰጣችሁ ሌላ ፊቱን የሚይዝለት ያስፈልጋል። እሱን የሚሠራው ፔታችሁ፣ ማለትም አብሯችሁ የሚዋጋው እንስሳ ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ብቻውን ሜዳ ላይ ለሚጫወት ሰው ሎንግቦውና ግሬትሶርድ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዕቃ ነው የሚፈልጉት፤ አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን አታደባልቁ

ይሄ አጭር ነው። አንዳንድ መሣሪያ በቀጥታ ምት ይጎዳል፤ ሎንግቦው፣ ግሬትሶርድና ሰይፍ ከዚህ ወገን ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ቀስ በቀስ ይጨርሳል፤ በማድማት፣ በመርዝ፣ በማቃጠል። ሾርትቦውና ችቦ ከዚህኛው ወገን ናቸው፤ መጥረቢያም ከችቦ ጋር ሲሆን ወደዚህ ያደላል። ለመጀመሪያዎቹ ልብሳችሁና ጌጣችሁ ላይ ፓወር፣ ፕሪሲዥንና ፌሮሲቲ የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ለሁለተኛዎቹ ኮንዲሽን ዳሜጅ የሚለውን። ግማሹን ከዚያ ግማሹን ከዚህ ከለበሳችሁ ሁለቱም አይሆንላችሁም። ገና ሌቭል 80፣ የመጨረሻው እርከን ላይ ላልደረሰ ሰው ግን ስለ ልብስ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው። የወደቀውን እየለበሳችሁ ውጡ።

ደረጃ 4፦ ፔቱን እንደ ሦስተኛ መሣሪያ ቁጠሩት

የአክስቴ ልጅ ፔት ድብ ነበር። በተጫዋቾች ዘንድ «ቤርቦው» የሚባል የድሮ ፌዝ አለ። ድብ ልኮ፣ ሩቅ ቆሞ፣ በሎንግቦው አንደኛውን ስኪል ብቻ የሚለቅ ሬንጀር ማለት ነው። በአንድ ወቅት ከቡድን የሚያስባርር ስም ነበር። እኔ ድቡን እከላከልለታለሁ። ድብ ብዙ ሄልዝ አለው፣ ቶሎ አይሞትም። ለብቻው ለሚጫወት ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ግድግዳ የለም። መፌዝ የነበረባቸው በድቡ ሳይሆን አንደኛውን ስኪል ብቻ በመልቀቁ ነው።

ሁለት ፔት ይዛችሁ እየቀያየራችሁ ነው የምትጫወቱት። አንዱን ግድግዳ አድርጉት፣ ሌላውን ገዳይ። የድመት ወገኖቹ፣ እነ ጃጓር፣ ምታቸው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይወድቃሉ። ለአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ፔት ያደረግነው ጅብ ነው። ጅማ ያደገ ሰው ሌሊት የጅብ ድምፅ ብርቁ አይደለም፤ ልጁም ስሙን ሲያይ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ጮሆ ሌላ ጅብ ይጠራል፤ ባንዴ ሁለት ይሆኑላችኋል።

አንድ ሕግ ግን ያዙ። ፔታችሁ ሊሞት ሲል ቀይሩት። ሳይሞት ከቀየራችሁት ቶሎ መልሳችሁ ትጠሩታላችሁ። ከሞተ በኋላ ከሆነ መጠበቂያው በጣም ይረዝማል። ዓይናችሁን ከራሳችሁ ሄልዝ ላይ ነቅላችሁ የፔቱን ማየት መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ከሳምንት በኋላ ሳታስቡት ታደርጉታላችሁ።

ከመጫወታችሁ በፊት ኪቦርዱንም አስተካክሉ። መሣሪያ መቀየሪያው ሲመጣ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችው ትንሽዬ ቁልፍ ላይ ነው። ያገለገለ ኪቦርድ ላይ ያቺ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በሽተኛ ናት። ወደ ኪው ወይም ወደ ማውሱ የጎን ቁልፍ አዛውሩት። አንድን የመራመጃ ቁልፍ ሁለቴ መታ ስታደርጉ ዶጅ የሚያደርገውን፣ ማለትም ከምት ለማምለጥ የሚያንከባልለውንም ከሴቲንግ አጥፉት። ገደል አፋፍ ላይ ሆናችሁ ትንሽ ፈቀቅ ልበል ስትሉ ተንከባላችሁ ትገባላችሁ። ከራሴ ነው የምናገረው።

ደረጃ 5፦ አንድ ውጊያ፣ ቀስ ብለን

ክዊንስዴል የሰዎቹ መነሻ አገር ነው። ሴንታውር፣ ማለትም ግማሹ ሰው ግማሹ ፈረስ፣ ሞልቶበታል። ከእነሱ ጠንከር ያለውን ቬተራን አንዱን እንያዝ። በእጃችሁ ሎንግቦው፣ ቀጥሎ ግሬትሶርድ፣ ፔታችሁ ድብ።

መጀመሪያ ራቁ። ስኪሉ ላይ ቀይ ምልክት ካለ ርቃችኋል፤ ቀዩ እስኪጠፋ ብቻ ጠጋ በሉና ቁሙ። አትተኩሱ። ድቡን ላኩት። በልባችሁ አንድ፣ ሁለት በሉ። ይሄ ሁለት ቆጠራ ነው ጀማሪን ከነባሩ የሚለየው። ቀድማችሁ ከተኮሳችሁ ሴንታውሩ ወደ እናንተ ይሮጣል። ድቡ ቀድሞ ከነከሰው ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር ይቆያል።

አሁን ራፒድ ፋየር። እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ነገር አትንኩ። መሀል ላይ ሌላ ስኪል ከተጫናችሁ የቀሩት ቀስቶች ይቋረጣሉ። የአክስቴ ልጅ ቁልፎቹን እንደ ፒያኖ ይደበድባቸው ነበር፤ ግማሹን ራፒድ ፋየር ራሱ እየቆረጠው «አይጎዳም» ይላል። ከዚያ ባራዥ ከእግሩ ሥር። ከዚያ ተራውን ቀስት እየለቀቃችሁ ጠብቁ።

ሴንታውሩ ድቡን ትቶ ወደ እናንተ ዞረ እንበል። አትሩጡ። ሲሮጡ ጀርባ ይመታል። እስኪቀርብ ጠብቁና ሊደርስ ሲል ፖይንት ብላንክ ሾት። ተወርውሮ ይወድቃል። እሱ እስኪነሳ ድቡ ይደርሳል፣ እናንተም ሦስት አራት ቀስት ትለቃላችሁ።

እንደገና መጣ። አሁን ወደ ግሬትሶርድ ቀይሩ። ገና እየመጣ እያለ ቀይሩ እንጂ ከመታችሁ በኋላ አይደለም። ክንዱን ሲያነሳ ካውንተርአታክ። መታችሁ፣ መከታችሁ፣ በእርግጫ መለሳችሁት። ወዲያው ሂልት ባሽ። ደነዘዘ። አሁን ሞል የሚባለውን ሁለተኛውን ከባድ ምት አሳርፉበት። እዚህ ጋ አብዛኛው ተራ ጠላት ያልቅለታል።

ካላለቀስ? ስዉፕ። ኢስኬፕን ተጫኑና ጠላቱን ከዒላማ አውጡት። ፊታችሁን ወደ ባዶው ሜዳ አዙሩ። ከዚያ ስዉፕን ተጫኑ። ዒላማ ስለሌለ ፊታችሁ ወደዞረበት ትዘላላችሁ። ዒላማውን ሳታወጡ ከተጫናችሁት ግን ተመልሳችሁ አፉ ውስጥ ትገባላችሁ። የአክስቴ ልጅ አራቴ አፉ ውስጥ ገባ። አምስተኛው ላይ ተሳካለት። ዘሎ ወረደ፣ ዞረ። መቀየሪያው 10 ሴኮንዱን ስለጨረሰ ሎንግቦው እጁ ገባ። ርቀቱም ተመልሷል።

ዶጅን እዚህ ታሪክ ውስጥ አላስገባሁትም። ሁለት ዶጅ አላችሁ፤ ከዚያ ጉልበቱ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። ለቦስ፣ ማለትም ለትልቁ አለቃ ጠላት፣ ከባድ ምቶች አቆዩአቸው። መሬት ላይ ቀይ ክብ ካያችሁ ያኔ ነው። ፒንጋችሁ ከፍተኛ ከሆነ ክቡ ሲሞላ አትጠብቁ፣ ሲታይ ውጡ።

ደረጃ 6፦ ቡድን ውስጥ ስትሆኑ ቅረቡ

ብዙ ሬንጀር የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ ርቀት ሕይወት ነው። አምስት ሆናችሁ ቦስ ስትገጥሙ ግን ጓደኞቻችሁ የሚሰጧችሁ ድጋፍ፣ ፈውሱም ጉልበት መጨመሪያውም፣ በአብዛኛው አጠገባቸው ለቆመ ነው የሚደርሰው። ሩቅ የቆመ ሬንጀር ሠርግ ቤት አጥር ሥር ቆሞ ምግብ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ሽታው ይደርሰዋል።

ስለዚህ ቡድን ውስጥ ግሬትሶርዱ አንደኛ፣ ቀስቱ ሁለተኛ ይሆናል። ቦሱ የማይቀርቡት ዓይነት ሲሆን ወይም ከሩቅ መመታት ያለበት ነገር ሲኖር ቀስቱን ታወጣላችሁ።

ፖይንት ብላንክ ሾትን ደግሞ ቡድን ውስጥ እርሱት። ጓደኞቻችሁ ጠላቶቹን አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ሲደክሙ እናንተ አንዱን ወስዳችሁ ገደል ማዶ ስትወረውሩት ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም። እኔ የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

እነ ድሩይድ፣ ሶልቢስትና አንቴምድ የሚባሉት የሬንጀር ዓይነቶች በ2015፣ በ2017 እና በ2022 በወጡ የሚከፈልባቸው ማስፋፊያዎች የመጡ ናቸው። ድሩይድ በዘንግ ይፈውሳል፣ ሶልቢስት ከፔቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል፣ አንቴምድ መዶሻ ይይዛል። ነጻውን ሳትጨርሱ አትግዟቸው።

ሌላ ጌም ላይ ከሆናችሁ

ስሞቹን ተዉና እነዚህን ጠይቁ። መሣሪያው በራቀ ቁጥር ይከብዳል ወይስ ርቀት ለውጥ አያመጣም? ለመተኮስ ዝቅተኛ ርቀት አለው? ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ ለምሳሌ ሀንተር በጥንቱ ዘመን ጠላት በጣም ከቀረበው ቀስቱን መተኮስ አይችልም ነበር። በኋላ ያ ቀረ። በ2016 ደግሞ ሰርቫይቫል የሚባለውን የሀንተር ዓይነት ጭራሽ ቅርብ ተዋጊ አደረጉት። እየሮጣችሁ መተኮስ ትችላላችሁ? ፔቱ ጠላትን ይዞ ያቆያል ወይስ ለጌጥ ነው? እነዚህን ከመለሳችሁ ሁለተኛው መሣሪያችሁ ምን መሆን እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል።

ጊልድ ዋርስ 2 ላይ መሣሪያ ሳትገዙ መሞከር ከፈለጋችሁ የፒቪፒው፣ ማለትም ተጫዋች ከተጫዋች የሚዋጋበት ክፍል፣ ማዘጋጃ ስፍራ ግቡ። እዚያ ገጸ ባሕሪያችሁ እንደ ሌቭል 80 ይቆጠራል፤ የዋናው ጌም መሣሪያ ሁሉ ክፍት ነው። የሚደበደቡ አሻንጉሊቶችም ቆመዋል። ስኪሎቹ በየጊዜው በአፕዴት ይነካካሉ፤ ስለዚህ ማውሱን ስኪሉ ላይ አቁሙና ጽሑፉን አንብቡ። የአክስቴ ልጅ አሁን ሁለት ቆጠራውን ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው። እናቴ ከማዶ ክፍል ቡና እያፈላች «ደሞ ምን እየቆጠረ ነው?» ትላለች።